አቀንጭራዋ ብቅ ከማለቷ በፊት

ማሽላ ሲያሽት የራያ ቆቦ ልጅ ማማ ላይ ይውላል፤ ወንጭፉን እያጮኸ ወፍ ይጠብቃል። እኔ የማስታውሰው አንድ ልጅ ግን ማማው ላይ መውጣት አይችልም ነበር። ጥቂት ይሮጥና ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ እስኪመለስለት ይቆያል፤ ከዚያ ተነስቶ ደግሞ ይሮጣል። ጓደኞቹ ለምደውት ቆመው ይጠብቁት ነበር። ቡዳ ነው ያሉ ነበሩ፤ ብርድ መትቶት ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ያኔ ገና ሥራ የጀመርሁ አዋላጅ ነርስ ነበርሁ። ደረቱ ላይ ሳዳምጥ ከልቡ ምት ጋር የሚሽሎከሎክ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም። ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ቁጢጥ ማለትን ማንም አላስተማረውም፤ ሰውነቱ ብቻውን ያገኘው መላ ነው። እንዲያ ሲቀመጥ ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ይገታና ወደ ሳንባው የሚሄደው ይበረክታል። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ ስለሚባለው የልብ ጉድለት ሳነብ ነው። እኛ አዋቂዎቹ ካደረግንለት ሁሉ የጓደኞቹ ቆሞ መጠበቅ ይበልጥ ነበር።

ልጄ፣ ያን ልጅ ያነሳሁብሽ ለመስቀል መጥተሽ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ይዤ ስለከረምሁ ነው። ሁለተኛ ዲግሪሽን ጨርሰሻል። የሕፃን ልብ ማሕፀን ውስጥ ሲሠራ የት ላይ እንደሚሳሳት ከዘረ-መሉ ተነስተሽ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አጎትሽ ደግሞ «ልጆቻችን ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ሲጠብቁ እየሞቱ ሞለኪውል ምን ይሠራልናል?» አለሽ። እኔ ዘንድ ስትመጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። ያን ለት ቡና ከማፍላት በቀር የመለስሁልሽ ነገር የለም። አሁን ልመልስልሽ።

አጎትሽን አትቀየሚው። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ግማሹም እውነት ነው። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ልቡ ላይ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲመሠርቱ፣ ልጆቹን ባሕር ማዶ እየላኩ ከማሳከም የተሻለ መንገድ አልነበረም። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ወረፋው ዛሬም በሺዎች ይቆጠራል። ከተሰለፉት ውስጥ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው ሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸውም ብዙ ናቸው፤ እሱ በፔኒሲሊን የሚቀደም ስለሆነ የሌላ ቀን ጨዋታ ይሁን። ቀዶ ሐኪም ያስፈልገናል። አጎትሽ የዘነጋው ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅን ነው።

የዚያ የቁጢጡ ልጅ ሕመም በዓለም ላይ መጀመሪያ የታከመው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። የሕፃናት ሐኪሟ ሄለን ታውሲግ ሐሳቡን አመጣች፤ ቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ ቀደደ። ነገር ግን ዘዴውን ላቦራቶሪ ውስጥ ውሾች ላይ እየሞከረ ለዓመታት ያበጀው ቪቪየን ቶማስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አናጢ ነበር፤ ለኮሌጅ ያጠራቀማት ገንዘብ በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ውድቀት ጠፍታበት ዲግሪ ሳይዝ ነው ላቦራቶሪ የገባው። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ከብላሎክ ኋላ ቆሞ እጁን ይመራው ነበር። ስሙ ግን ለረጅም ዘመን ሳይነሳ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ይህን የነገርሁሽ ለሁለት ነገር ነው። ያን ሰው ውሾች ላይ ሲሠራ ዓመታት ማቆየት፣ ለሚያይ ሰው፣ ገንዘብ ማባከን ይመስል ነበር። ደግሞም አንቺ ነገ ላቦራቶሪ ሲኖርሽ ናሙና የምታዘጋጅልሽን ቴክኒሻን ስም ከጽሑፍሽ ላይ እንዳትዘነጊ ነው።

ለአጎትሽ ግን ይህን ሁሉ አታውሪው፤ ገበሬ ነውና በማሽላ ንገሪው።

አቀንጭራ የምትባለውን አረም ያውቃታል። ሐምራዊ አበባዋን ባየ ቁጥር ሲነቅላት ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ነገር ግን ብቅ ባለች ጊዜ አብዛኛውን ጥፋቷን አጥፍታለች፤ ገና ከመሬት በታች ሳለች የማሽላውን ሥር ይዛ ስትመጠው ከርማለች። አንዷ ግንድ የምታረግፈው ዘር በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ያም እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ መጠበቅ ይችላል። መንቀል ያስፈልጋል፤ ያልነቀለ ገበሬ ለከርሞ ይብስበታል። ግን በመንቀል ብቻ ማሳውን ያጸዳ ሰው ራያ ላይ አላየሁም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የወሎንኮሚ ልጅ ናቸው። ዓለማያ ኮሌጅ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1978 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። በኋላ ላሪ በትለር ከሚባሉ የባዮኬሚስትሪ ሰው ጋር ሆነው ጥያቄውን ከሥሩ ጀመሩት፦ ያ ዘር ማሽላ መዘራቱን በምን ያውቃል? መልሱ የማሽላው ሥር አፈር ውስጥ የሚለቀው ኬሚካል ነው። አቀንጭራዋ ያን ስታገኝ ትነቃለች። እንግዲያው ያን ኬሚካል እምብዛም የማይለቅ ማሽላ ይኖር እንደሆነ ብልቃጥ ውስጥ እያበቀሉ ፈለጉ፤ አገኙም። ከዚያ እየተዳቀሉ የመጡት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ አገራችን ውስጥ ሲለቀቁ አንዱ «አብሽር»፣ ሌላው «ጎብዬ» ተባለ። ከቆቦ ወደ ወልድያ ስትሄጂ መንገድ ዳር የምታገኚያት የኛው ጎብዬ! ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። የነገሩን ሥር የያዘው ዘረ-መል ተለይቶ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዳንኤል ጎበና በመሪነት በጻፈው ጥናት ነው።

አጎትሽ ይህን ስትነግሪው «ጎብዬ አጭር ነው፤ አገዳው ለከብትም ለማገዶም አይበቃም» ይልሻል። እውነቱን ነው። የራያ ሰው ማሽላን ለእህሉ ብቻ አይዘራውም፤ ረጅሙን የአገሩን ማሽላ የሚወደው ለዚህ ነው። ሳይንስ ጥሩ መልስ ይዞ መጥቶም ቤት የሚገባው የባለቤቱን ኑሮ ሲያውቅ ነው። ይህን እንደ ትችት ሳይሆን እንደ ስንቅ ያዢው።

ልብም እንደዚያው ከዓይን ርቆ፣ አስቀድሞ ነው የሚሠራው። ከተፀነሰ በኋላ በሦስት ሳምንት ገደማ መምታት ይጀምራል፤ በስምንተኛው ሳምንት ግድግዳውና በሮቹ በአብዛኛው ቆመዋል። ብዙዎቹ እናቶቻችን ለመጀመሪያ ክትትል ሲመጡ ሆዳቸው ገፍቷል። የፅንስ ማዳመጫውን ሆድ ላይ አድርጌ ምቱን ስሰማ እኔ ሥራ የጀመርሁ ይመስለኝ ነበር፤ የልቡ ግንባታ ግን ካለቀ ወራት አልፈዋል። ቀዳዳው የቀረው፣ የደም ሥሩ የጠበበው፣ እናቲቱ ማርገዟን ገና ለባሏ ባልነገረችበት ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ የከፈቱልንን ሰዎች ነገር ስሚ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሮልፍ ቦድመር የሚባል ተመራማሪ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሲሠራ፣ አንድ ዘረ-መል ከተበላሸ ዝንቧ ጭራሹን ልብ እንደማይፈጠርላት አሳየ። የዝንብ ልብ! ገበያ መሐል ቆመሽ «ለዝንብ ልብ ጥናት ገንዘብ አዋጡ» ብትዪ ማን ይሰማሻል? ነገር ግን በአምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የዚያ ዘረ-መል የሰው ወንድም ልብ ላይ ቀዳዳ በሚመላለስባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ተበላሽቶ ተገኘ፤ ስሙን ኤንኬኤክስ2-5 ይሉታል። የዘረ-መሉ መበላሸት ጉዳቱ ቀዳዳ ማበጀት ብቻ አይደለም፤ የልብን ምት የሚያስተላልፈውንም መስመር ያደክማል። ቀዳዳው የተደፈነለት ልጅ ካደገ በኋላ ምቱ ተቋርጦ ድንገት ሊሞት ይችላል። ዛሬ ያ ዘረ-መል የተበላሸበት ቤተሰብ ከታወቀ እህት ወንድሙ ሁሉ ይመረመራል፤ ለሚያስፈልገው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ይቀበርለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ጋታ4 የሚባለው ተከተለ። ከዝንቧ ተነስቶ ሰው ቤት ለመድረስ ዕድሜ ልክ አልፈጀም።

ከሁሉ ይልቅ የኔን ልብ የነካው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ነው። ከባድ የልብ ጉድለት ያለባቸው 362 ልጆች ከእናትና ከአባታቸው ጋር ዘረ-መላቸው ተነበበ። ከእንዲህ ያሉት ከባድ ጉድለቶች 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከእናትም ከአባትም ባልተወረሰ፣ በልጁ ላይ አዲስ በታየ ለውጥ ሰበብ እንደሚመጡ ታወቀ። አዋላጅ ሆነሽ ብትኖሪ የዚህ ትርጉም ይገባሽ ነበር። ሕፃኑ ጠቁሮ ሲወለድ አማት ወደ ምራቷ ዞራ የምታይበትን ዓይን አውቀዋለሁ። «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ሲባል ስንት ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁ። «ከማንም አልመጣም፤ የማንም እርግማን አይደለም» ብዬ በማስረጃ መናገር ብችል ኖሮ የስንቷን ሴት አንገት ቀና ባደረግሁ። ያ መድኃኒት አይደለም፤ ለኔ ግን ከመድኃኒት አያንስም።

ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ልጆች ምክንያቱ አሁንም አልተገኘም። እስከ ዛሬ ከተነበበው ዘረ-መል አብዛኛው ደግሞ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ነው፤ የሰው ልጅ ዘረ-መል ከየትም ይልቅ የሚለያየው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኛ ልጅ ሲመረመር «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ያን ወረቀት ማንበብ የሚችል ሰው ከኛ መሐል መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ሂጂ የምልሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከሁሉ በፊት ጊዜ ይግዛልሽ። ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ ማታ የግል ኮሌጅ እያስተማረች ምርምር የምትሠራ ልጅ የምትሠራው በድካሟ ትርፍ ነው። ፕሮፖዛል ስትጽፊ የሦስት ዓመት ደመወዝሽንና የቤት ኪራይሽን አስገቢ፤ ይሉኝታ ይዞሽ አትተዪው። መብራት የሚጠፋበት አገር ነውና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቆየው ፍሪዘር ያለ ጄነሬተርና ያለ ነዳጅ የናሙና መቃብር መሆኑንም ጻፊላቸው። ሪኤጀንት በዶላር ይገዛል፤ ጉምሩክ ላይ ሲከርም ይበላሻል፤ የዚያንም ጊዜ ቁጠሪው። ከቆቦ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ለኢኮ፣ ለልብ አልትራሳውንድ፣ የምትሄደዋን እናት የመኪናና የማደሪያ ወጪ ደግሞ መጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጊው። የሚሰጡሽ ሰዎች ይህን ሲያዩ ሥራውን የምታውቂ መሆንሽን ይረዳሉ።

ጥያቄሽ ትንሽ ይሁን። «የአፍሪካን የልብ ጉድለት ምክንያት አገኛለሁ» የሚል ፕሮፖዛል ያነበበ ሁሉ ይፈራል። «እነዚህን ቤተሰቦች፣ ይህን ጉድለት፣ በሦስት ዓመት» በዪ።

እጅሽን የምታፍታቺበት ቦታ አገር ውስጥ አለ። አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተቋቁሞ ዛሬ ዘረ-መል እስከ ማንበብ ደርሷል፤ ልብ አይሠሩም ብለሽ አትለፊው። ኬፕታውን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፉት ቦንጋኒ ማዮሲ ሩማቲክ የልብ በሽታን ከዘረ-መል በኩል ለማጥናት ብዙ የአፍሪካ አገሮችን አስተባብረዋል። እዚያው ፕሮቴያ የሚባለው ጥናት ከልብ ጉድለት ጋር የተወለዱ ልጆችን እየመዘገበ ዘረ-መላቸውን ያጠናል። ከአሜሪካ በኩል የአሜሪካ የልብ ማኅበርና ቺልድረንስ ኸርት ፋውንዴሽን ወጣት ተመራማሪዎችን በጋራ ሲደግፉ ኖረዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እዚያ ባለ ተቋም በኩል ነው፣ ስለዚህ እዚያ ያሉትን የኛን ሰዎች ፈልጊ። ፎጋርቲ የሚባለው የአሜሪካ ማዕከል ደግሞ እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚነሱ ጀማሪ ተመራማሪዎች ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ግን የአሜሪካ የውጭ የምርምር ገንዘብ እንደ ሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሆኗል፤ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚቀር አይታወቅም። ጎርፍ ጠልፎ የሚያርስ የራያ ገበሬ በአንድ ቦይ ብቻ ተማምኖ አይዘራም።

ለራሳችንም የምለው አለኝ። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ካርቱም ላይ አገሮች ከአጠቃላይ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውሉ ወስኗል። ስብሰባ በገባሽ ቁጥር ያን ቁጥር ጮክ ብለሽ አንሺው። ባሕር ማዶ ያሉት የራያ ልጆች ለአንድ ሕፃን ቀዶ ሕክምና በአንድ ሌሊት ሲያዋጡ አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው። ያው እጅ አንዲት ወጣት ሦስት ዓመት ላቦራቶሪ እንድትቀመጥ ቢያዋጣ ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ቅሬያችን ሙታናችንን ለመቅበር ስንት ትውልድ ሙሉ ገንዘብ ይዞ ኖሯል፤ ለምን እንደምንሞት ለሚጠይቅ ልጅስ?

ማንም ውጭ ያለ ሰው ሊጠይቃቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች ደጃፍሽ ላይ ናቸው። ቆቦ ሜዳ ላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነን። ወደ ምዕራብ ላስታን ስትወጪ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 በላይ ነው። በአንዲስና በቲቤት አካባቢ ከፍታው ሲጨምር ከውልደት በኋላ መዘጋት የነበረበት የደም መተላለፊያ ክፍት ሆኖ የሚቀርባቸው ልጆች እንደሚበዙ ታውቋል። የሰሜን ተራሮቻችን ሰው ደግሞ በደሙ ኦክስጅን አያያዝ ከነዚያ እንደሚለይ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ታይቷል። ታዲያ የላስታ ሕፃንና የራያ ሕፃን ልብ ይለያይ ይሆን? አላውቅም፤ አንቺ ጠይቂ። ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሕፃን ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ እጁና እግሩ ላይ ኦክስጅን መለኪያ ቢደረግለት፣ 95 በመቶ ያልደረሰውን ለይቶ መላክ ይቻላል። ላስታ ላይ ግን ያው 95 ይሠራል ወይ? አየሩ ስስ ነውና ጤነኛውንም በሽተኛ ሊያስመስል ይችላል። ይህን አንድ ነገር ብቻ አጥርተሽ ብትለኪ ለብዙ ደጋ አገር ይተርፋል።

ደግሞ ሽማግሌዎቹ አሉልሽ። ጋብቻ ሲመጣ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት። ማን ከማን እንደተወለደ፣ የማን ልጅ በሕፃንነቱ እንደሞተ፣ የትኛው ቤት እንደሚደጋገም ያውቃሉ። ፈረንጅ በብዙ ገንዘብ የሚሰበስበውን የዘር ሐረግ እነሱ በቃላቸው ይዘውታል። ቶሎ ቁጭ በዪላቸው፤ እያለቁ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ከዓመታት በፊት ሰዎች መጥተው ከብዙ ቤት ደም ወስደው ሄዱ። «ውጤቱን እናመጣለን» አሉ። አልመጡም። እናቶቹ ያን ቃል የጠየቁት እነሱን አይደለም፤ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር እኔን ነው። እኔ ነበርሁ ያስገባኋቸውና ለዓመታት ያቺን መንገድ እየዞርሁ አልፋለሁ። አንቺ ደም ስትወስጂ ጥናቱ ልጇን እንደማያድንላት ጥርት አድርገሽ ንገሪያት። ግን ጉድለት ያገኘሽበትን ልጅ ሪፈር አጽፈሽ፣ ወረፋ አስይዘሽ ነው ከቤቷ የምትወጪው። ናሙናው ባሕር የሚሻገር ከሆነ ስምምነቱ ላይ የናሙናው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ጽሑፉ ላይ የማን ስም እንደሚገባ፣ ትርፉ ማን ዘንድ እንደሚቀር አስቀድመሽ አጽፊ። ከፊርማው በኋላ ማንም አይሰማሽም።

የሰሜኑ ጦርነት በመጣ ጊዜ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ የስንት ዓመት መዝገብ አብሮ እንደጠፋ ታውቂያለሽ። የኔ ደብተር ተርፏል። ከሊጥ ማቡኪያው ሥር ደብቄው ነበር። ጠቁረው የተወለዱትን፣ ጡት ሲጠቡ የሚያልባቸውን፣ ቁጢጥ የሚሉትን፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ስንተኛ ልጅ፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ምን እንዳመማት፣ እንዳቅሜ ጽፌበታለሁ። ብዙውን ሳላውቅ ነው የጻፍሁት። አንዳንዱ ገጽ ላይ ቀለሙ ፈስሷል። የመጀመሪያው ስም የዚያ ማማ ላይ መውጣት ያልቻለው ልጅ ነው።

ስትመጪ አብረን እናነበዋለን። ከጎሊና ወንዝ ማዶ፣ ሁለት ልጅ በዚሁ የልብ ሕመም የቀበረች ሴት አሁን ደግሞ አርግዛለች፤ መጀመሪያ ወደ እሷ እንሄዳለን። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ እንነሳ። ቡናውን ሦስቱንም እስክታቀርብ ስለ ደም እንዳታነሺባት።